በየመሀሉ የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከማስደረግ በፊት መታወቅ ያለበት

በደብረ ማርቆስም ይሁን በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምም ይሁን በሞጣ፣ በየመሀሉ የሚጠፋ ኮምፒውተር ተሸክሞ ጥገና ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ይደረጋል፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ የልጆች ፎቶ፣ የፈተና ጥያቄዎች፣ በግማሽ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ድርግም ይላል። ፎርማት ማድረግ የሚያድሰው ዊንዶውስን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ብቻ ነው። በየመሀሉ የመጥፋት ችግር ግን ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከኤሌክትሪኩ፣ ከሙቀት፣ ከሜሞሪው ወይም ከዲስኩ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ፎርማት አይነካቸውም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ «ኮምፒውተሬ የሚጠፋው ዊንዶውስ 10 ስለተዘጋ ነው» የሚል ግምት ተጨምሯል። የድጋፍ መቆም ማለት አዳዲስ የደህንነት ማሻሻያዎች በመደበኛነት አይላኩም ማለት ነው እንጂ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም። ማሻሻያ ያላገኘ ኮምፒውተር ለጥቃት የተጋለጠ ስለሚሆን ጉዳዩ በራሱ ትኩረት ይሻል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ለሚጠፋ ኮምፒውተር ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ምክንያቱን መፈለግ የሚጀመረው ገንዘብ ከማያስወጣውና ምንም ነገር ከማያበላሸው ፍተሻ ነው፤ ፎርማት በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

አጠፋፉን መለየት ለምን ያስፈልጋል?

«ኮምፒውተሩ ጠፋ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ያለ አንዳች መልእክት፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ ያህል በቅጽበት መጥፋት ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ወይም ወደ ሙቀት ያመለክታል። ሁለተኛው በሰማያዊ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ታይቶ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲያስነሣ ነው (በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያዎች ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው)፤ ይህ ወደ ሜሞሪ፣ ወደ ዲስክ ወይም ወደ ድራይቨር ይመራል። ሦስተኛው በተለምዶ «ስታክ አደረገ» የምንለው፣ ስክሪኑ እንደበራ ማውዙም ኪቦርዱም አልታዘዝ የሚልበት ነው፤ በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ዲስኩ ነው። አራተኛው አንድ ፕሮግራም ብቻውን ሲዘጋና ሌላው ሁሉ ደህና ሲሆን ነው፤ ይህ የፕሮግራሙ የራሱ ችግር ስለሆነ ያን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ አናነሣውም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጥ። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ፣ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ አጠፋፉ፣ በዚያች ቅጽበት የቤቱ አምፖል ፈዝዞ ወይም ብልጭ ብሎ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይጻፍ። ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚጠፋ ኮምፒውተርና ሁልጊዜ ቪዲዮ ሲከፈትበት የሚጠፋ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም። የሳምንት ማስታወሻ አንድን ጥሩ ባለሙያ ከብዙ ሰዓት ድካም ያድነዋል።

ሰማያዊው ስክሪን ምንድን ነው?

ብዙዎች ሰማያዊውን ስክሪን ሲያዩ ኮምፒውተሩ እንደሞተ ይቆጥሩታል። በእርግጥ ግን ስክሪኑ የመከላከያ እርምጃ ነው። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ እህሉ መካከል ድንጋይ መግባቱን በድምፁ ሲያውቅ፣ የወፍጮው ጥርስ እንዳይሰበርና የሰው ዱቄት እንዳይበላሽ ወዲያው ሞተሩን ያጠፋል። ዊንዶውስም እንዲሁ ያደርጋል። የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ክፍል፣ በባለሙያዎች አጠራር ከርነል የሚባለው፣ በሜሞሪ ውስጥ ሊሆን የማይገባው ነገር ሲያጋጥመው፣ የተበላሸው መረጃ ዲስክ ላይ ተጽፎ ፋይሎችን እንዳያጠፋ ሁሉንም ሥራ ያቆማል፤ ያቆመበትንም ምክንያት በስምና በቁጥር ያስቀምጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ የምርመራችን የመጀመሪያ ማስረጃ ስለሆነ በስልክ ፎቶ ማንሣት ተገቢ ነው።

ከዚሁ ጋር መታወቅ ያለበት ቃል ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከአንድ የኮምፒውተሩ ዕቃ ጋር፣ ለምሳሌ ከፕሪንተር፣ ከዋይፋይ ወይም ከግራፊክስ ካርድ ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይዘጋል፤ ብዙዎቹ ድራይቨሮች ግን ከከርነሉ ጋር ስለሚሠሩ ስህተታቸው ኮምፒውተሩን በሙሉ ያቆመዋል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ ስክሪን አቁሟል፤ አየር መንገዶች በረራ ሰርዘዋል፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጉለዋል። ኮምፒውተሮቹ ግን አልተበላሹም ነበር፤ ዋናው መፍትሔም ሴፍ ሞድ በሚባለው የጥንቃቄ አከፋፈት ገብቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ያን ቀን «ፎርማት ይደረግ» ብሎ የጀመረ ባለሙያ ካለ፣ በከንቱ ብዙ መረጃ አጥፍቷል።

ኮምፒውተሩ ራሱ የመዘገበው ነገር አለ?

አለ፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን ከፍቶት አያውቅም። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ «ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚል ይመጣል። ሲከፈት ቀናት በተርታ የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ይታያል፤ ቀይ ምልክት ያለበት ቀን ላይ ሲጫኑ በዚያ ዕለት ምን እንደተቋረጠ፣ ከዚያም በፊት የትኛው ፕሮግራም ወይም ማሻሻያ እንደተጫነ ይነግራል። መጥፋቱ የጀመረው አንድ ነገር በተጫነ ማግስት ከሆነ፣ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከዚህ ጠለቅ የሚለው «ኢቨንት ቪውወር» ነው። በውስጡ «ዊንዶውስ ሎግስ» ከዚያም «ሲስተም» የሚለውን ሲከፍቱ፣ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ በጠፋ ቁጥር «ከርነል ፓወር» በሚል ስምና 41 በሚል ቁጥር የተመዘገበ መስመር ያገኛሉ። መስመሩ ራሱ «ያለ ሥርዓት ጠፍቷል» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም፤ ዋናው ቁም ነገር «ዲቴይልስ» በሚለው ውስጥ ያለው «በግቼክ ኮድ» የሚባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 0 ከሆነ ዊንዶውስ ስህተት አግኝቶ ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል፣ ኮምፒውተሩ ከሙቀት የተነሣ ራሱን አጥፍቷል፣ ወይም ስታክ አድርጎ በማጥፊያው ቁልፍ ተዘግቷል። 26 ወደ ሜሞሪ አያያዝ ይጠቁማል። 122 ዊንዶውስ የሚፈልገውን መረጃ ከዲስክ ማንበብ እንዳልቻለ ያሳያል። 278 የግራፊክስ ካርዱ ወይም የድራይቨሩ ጉዳይ ነው። 292 ደግሞ ሃርድዌሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃ ራሱ፣ ያስመዘገበው ስህተት ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር እያዩ ዊንዶውስን ደጋግሞ መጫን ትርፉ ድካም ነው።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ ወደሚባለው መሠረታዊ ማስተካከያ ይግቡ፤ በብዙ የዴል ኮምፒውተሮች ኤፍ 2፣ በብዙ የኤችፒ ኮምፒውተሮች ኤፍ 10፣ በሌሎችም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ መነካካት ያስገባል። ምንም ሳይቀይሩ እዚያው እንዳለ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ባዮስ ውስጥ እያለ ዊንዶውስ አልተከፈተም፤ ቫይረስም የዊንዶውስ ድራይቨርም አይሠራም። እዚያ ላይ እያለ ድርግም ካለ ችግሩ የሃርድዌር ወይም የኤሌክትሪክ ነው። እዚያ ላይ ሳይጠፋ መቆየቱ ግን ሃርድዌሩን ነጻ አያወጣውም፤ ባዮስ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ አይሠራምና።

ችግሩ ከመብራቱ ይሆን?

በእኔ እምነት፣ በጎጃም ከተሞች ያለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለ መልእክት ሲጠፋ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት መብራቱ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ዑደት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኬብል የሚቀበለው ባለ ፋን ሣጥን፣ ይህን ኃይል ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጠዋል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይህ ሣጥን ውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ኮምፒውተሩን ሊያቆየው የሚችለው አንድ ዑደት ለሚያህል ጊዜ፣ ማለትም ለ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። አምፖል ብልጭ ብሎ ሲመለስ ለዓይን ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ያ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲያረጅ ደግሞ ያቺ ትንሽ ትዕግሥቱም ታጥራለች።

አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ አንድ ተራ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ከ200 ዋት ብዙም አያልፍም። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች ከአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ሁኔታ፣ አንዷ እናት ምጣዷን ስትሰካ በቀጭኑ የግቢ ሽቦ ላይ የሚያልፈው ኃይል በአንዴ ይጨምርና ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይፈዛል። ኮምፒውተሩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት በወረደው ቮልት ላይ ብዙ ከረንት መሳብ ስላለበት ፓወር ሰፕላዩ ይግላል፤ ቮልቱ ከሚችለው በታች ከሆነ ደግሞ ያጠፋል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ የመጥፊያው ሰዓት ከእንጀራ መጋገሪያው ሰዓት ጋር ከገጠመ፣ ኮምፒውተሩን ሌላ መስመር ላይ ወይም ሌላ ቤት ወስዶ ለጥቂት ቀናት መሞከር ይበጃል። እዚያ ካልጠፋ የኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ቀርቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።

የሶኬት ማከፋፈያውም መፈተሽ አለበት። ብዙ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩና የውኃ ማፍያው በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ፤ የማከፋፈያው መዳብ ሲላላ ኬብሉ በትንሽ ንቅናቄ ይቋረጣል። ሶኬቱ ከግድግዳው ሲነቀል እግሮቹ ትኩስ ከሆኑ ወይም ላስቲኩ ከጠቆረ፣ ያ ማከፋፈያ ከኮምፒውተሩ በላይ ቤቱን የሚያሰጋ ስለሆነ ወዲያው ይወገድ።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ በተለምዶ እንደ አንድ ቢታዩም ሥራቸው ለየቅል ነው። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል። የዩፒኤስ ባትሪ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ ያልቃል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ደህና መስሎ ይቀመጥና መብራት ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩን ይዞት ይጠፋል። ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩን ነቅሎ በምትኩ አምፖል ያለው የጠረጴዛ መብራት ዩፒኤሱ ላይ መሰካት፣ ከዚያም ዩፒኤሱን ከግድግዳው መንቀል ነው። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል፤ መቀየር ያለበትም ባትሪው ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ፣ ነጎድጓድ በሚበዛባቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጨርሶ መንቀል የተሻለ መከላከያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው መብራት በመጣባት ቅጽበት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ ምንጊዜም 230 ላይ መሆን አለበት፤ ልጆች ወደ 115 ካዞሩት ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ብልጭ ሲልም ሆነ ሲሄድ አይጠፋም፤ ባትሪው እስከሠራ ድረስ። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አይለይም።

ሙቀትስ እንዴት ያጠፋዋል?

የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል፤ ሙቀቱን ከላዩ የተለጠፈው ብረት፣ ሂት ሲንክ የሚባለው፣ ይቀበለዋል፤ ፋኑ ደግሞ አየር እየነፋ ያወጣዋል። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ይህም ካልበቃ እንዳይቃጠሉ ኃይሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ከሙቀት የተነሣ የሚጠፋ ኮምፒውተር ከመጥፋቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ፋኑም ይጮኻል። እንደጠፋ ወዲያው ሲያስነሡት ቶሎ ደግሞ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ይህ ምልክት ከታየ ሌላ ብዙ መፈለግ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል፣ በባሕር ዳር ከፍታ ደግሞ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በሚገፋው አየር ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ይክሰዋል፤ በባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቀኑ 30 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ ግን ሁለቱ ይደራረባሉ። አምራቾች ኮምፒውተሮቻቸውን እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሠሩ አድርገው ስለሚያወጧቸው ንጹሕ ኮምፒውተር በዚህ ከፍታ አይቸገርም። አቧራ የሞላው ኮምፒውተር ግን የቀረችውን ትርፍ አቅም ጨርሷታል።

አቧራው በእኛ ቤት ብቻውን አይደለም። የቡና ከሰልና የዕጣን ጭስ፣ የወጥ ቤት ቅባት ያለው እንፋሎት ከመንገድ አቧራ ጋር ሲቀላቀል፣ በፋኑና በሂት ሲንኩ መካከል እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ ያለ ንጣፍ ይሠራል። ክዳኑ ተከፍቶ ከላይ ሲታይ ፋኑ ይዞራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ፋኑ ሲነሣ ግን ከሥሩ ብረቱ ጨርሶ የማይታይበት ጊዜ አለ። ሲጸዳ በቅድሚያ ኬብሉ ይነቀላል፤ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል፤ የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ በእጅ የሣጥኑ ብረት ይነካል። ከዚያ ለስላሳና ደረቅ የቀለም ብሩሽ ወይም የአየር መንፊያ ይበቃል። በሚነፋበት ጊዜ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ አየሩ ካለ ልክ ካሽከረከረው ማዞሪያው ይበላሻል። እርጥብ ጨርቅ አይገባም። የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን ደግሞ ፈጽሞ አይፈታ፤ ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ይቆያልና።

ጸድቶም የሚግል ከሆነ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ይሆናል፤ ያገለገሉ ሆነው ለሚገዙ ኮምፒውተሮች ይህ የተለመደ ነው። መቀየሩ ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። ሙቀቱን በቁጥር ለማየት ኤችደብልዩ ሞኒተር የሚባለው ፕሮግራም ይረዳል፤ ከባድ ሥራ ላይ እስከ 80 እና 85 ዲግሪ አያሳስብም፤ ቀላል ሥራ ላይ እያለ 90 ከደረሰ ግን መፈተሽ አለበት። ላፕቶፕን አልጋና ፍራሽ ላይ አድርጎ መጠቀም ከሥሩ ያለውን የአየር መግቢያ ይዘጋል።

ሜሞሪው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሜሞሪ ወይም ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ቀጭን ካርድ ነው። ሜሞሪ ሲበላሽ ስህተቱ የትም ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ሰማያዊው ስክሪን በመጣ ቁጥር የተለየ ስም ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ አንድ ድራይቨር፣ ነገ ሌላ ይከሰሳል። የስሙ መለዋወጥ ራሱ ምልክት ነው። ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ እንኳ መሀል ላይ መቋረጡም እንዲሁ።

ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ካርዶቹ ይወጡ፤ ወርቃማ ጥርሶቻቸው በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ይጥረጉ፣ ፍርፋሪው ይራገፍ፣ «ቀጭ» እስኪል ተጭነው ይመለሱ። በትንሽ መላላት የሚመጣ ችግር በዚህ ብቻ ይፈታል። ካልተፈታና ሁለት ካርድ ካለ፣ በአንዱ ብቻ ለጥቂት ቀን መሥራት፣ ቀጥሎ በሌላው መሥራት የትኛው እንደታመመ ያሳያል። በዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚል መመርመሪያ አለ፤ ሜምቴስት 86 የተባለውና ከፍላሽ የሚነሣው ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ መብራት በማይሄድበት ጊዜ ይሁን። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ካርዱ መቀየር አለበት።

ዲስኩ ከሆነስ?

ከዚህ ሁሉ በጣም የምጨነቀው ለዲስክ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተገዝቶ ይተካል፣ በዲስኩ ላይ ያለው ግን አይተካም። ፋይል ለመክፈት ብዙ መጠበቅ፣ በየመሀሉ ስታክ ማድረግ፣ ከሃርድ ዲስክ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት ምልክቶቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልበጡ፤ የመመርመሪያው ሥራ ራሱ ደካማ ዲስክን ያደክማል።

ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤንነት መዝገብ ይይዛሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያንን አንብቦ ደህና ከሆነ በሰማያዊ፣ ጥንቃቄ ካስፈለገ በቢጫ፣ ከተበላሸ በቀይ ያሳያል። ቢጫ «ገና ነው» ማለት አይደለም፤ ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎችን መተው ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት አድርጎ መመለስ፣ ለጥቂት ጊዜ ደህና መስሎ ቆይቶ አዲስ የተጫነውንም ይዞ መውደቅ ነው። ዲስኩ ደህና ሆኖ መብራት በመጥፋቱ የፋይል አደራደሩ ብቻ ከተዛባ ግን፣ በዲስኩ ምልክት ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቼክ» የሚለውን መምረጥ ያስተካክለዋል።

ቫይረስና ሶፍትዌርስ ምንም ድርሻ የላቸውም?

አላቸው፤ ተራቸው ግን እዚህ ነው። ዛሬ የሚሠራጩ ቫይረሶች አብዛኞቹ መረጃ ለመስረቅ ወይም ገንዘብ ለማስከፈል የተሠሩ በመሆናቸው፣ ኮምፒውተሩ በርቶ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ከመጥፋት ይልቅ መዘግየት፣ ፍላሽ ላይ ያሉ ፋይሎች ወደ ሾርትከት መለወጥ የእነርሱ ምልክት ነው። ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፋቸው የተሰበረ ፕሮግራሞች ግን ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን መከላከያ አጥፉ ስለሚሉና የሥርዓቱን ፋይሎች ስለሚነካኩ መጠርጠር አለባቸው።

ሌላው የማሻሻያ ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ማሻሻያ ሳያገኙ የቆዩ ኮምፒውተሮች፣ ግንኙነት ሲያገኙ የተጠራቀመውን በአንድ ላይ ያወርዳሉ። መጫኑ ሰዓታት ሲወስድ «ተበላሸ» ብሎ ማጥፋት፣ ወይም መሀሉ ላይ መብራት መሄዱ፣ የሥርዓቱን ፋይሎች በግማሽ ያስቀራቸዋል። ይህን ዊንዶውስ ራሱ «ሲስተም ሪስቶር» በሚለው ወደ ቀድሞው ቀን በመመለስ ሊያስተካክለው ይችላል። ፎርማት ትክክለኛ መልስ የሚሆነው ከላይ ያሉት ሁሉ ተፈትሸው፣ ኮምፒውተሩ ከዊንዶውስ ውጪ እንደማይጠፋ ተረጋግጦ፣ ፋይሉም ከተገለበጠ በኋላ ነው።

በየትኛውም ደረጃ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ራሙም፣ ድራይቨሩም፣ ማከፋፈያውም በአንድ ቀን ከተቀየሩና ኮምፒውተሩ ከዳነ፣ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ሲመለስም ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል።

ወደ ጥገና ቤት ሲኬድ ምን መባል አለበት?

የተጻፈው ማስታወሻ፣ የስክሪኑ ፎቶና ከኢቨንት ቪውወር የተገኘው ቁጥር ለባለሙያው ይሰጥ። «ያለ ፈቃዴ ፎርማት እንዳይደረግ» የሚለው ኮምፒውተሩ ከመሰጠቱ በፊት ይነገር፤ የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲመለስ መጠየቅም ያስማማል እንጂ አያጣላም። ፓወር ሰፕላይ፣ ራምና ዲስክ ለየብቻ የሚተኩ ስለሆኑ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ መተው አያስፈልግም። ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ማዘርቦርዱ፣ ከሆነ ግን፣ በተለይ በላዩ ላይ ያሉት ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ፣ ጥገናው ከአንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል አስቀድሞ ዋጋውን መጠየቅ ይገባል።

ቦርዱ ቢሞትም ዲስኩ ደህና ከሆነ ፋይሎቹ አሉ፤ ዲስኩ ተፈትቶ በዩኤስቢ መያዣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ መገልበጥ ይቻላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ዊንዶውስ 11 ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የራሱ መቆለፊያ ሊቆልፈው ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገና እየሠራ ሳለ አካውንቱ በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተ አረጋግጦ ቁጥሩን በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል።